ያላደገ ተኩላ

በአዲስ አበባ የውሻ ጩኸት ሳይሰማ የሚያነጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ ከወንዙ ማዶ ይጀምራል፤ የጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ከሰፈር ሰፈር እየተቀባበሉት ከተማውን ያዳርሱታል። ጅብ አልፎ ይሆናል፤ ሌባም ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም የለም። እኔም ብዙ ዓመት ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጭኜ ስራገም የኖርኩ ሰው ነኝ።

በኋላ ግን አንድ አጭር ነገር አነበብኩና ያንን ጩኸት የምሰማበት ጆሮዬ ተለወጠ። አዋቂ ተኩላ አይጮኽም፤ ቢጮኽም እጅግ አልፎ አልፎ ነው ይላል ያነበብኩት። ተኩላ ያላዝናል፣ ያጉረመርማል፣ ያለቃቅሳል። እንደ ውሻ መጮኽ ግን ይበልጡን የቡችላነት ዘመኑ ጠባይ ነው። የተኩላን ድምፅ መዝግቦ የቆጠረ አንድ ተመራማሪ ከሁሉም ውስጥ ጩኸቱ 2.3 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ታዲያ ከአጥሬ ውጪ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ማን ነው? እንደ ተኩላ ሥርዓት ከሆነ፣ ሳያድግ የቀረ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የግቢያችንን ውሻ በሌላ ዓይን አየው ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። የአፉ ዙሪያ ሸብቶ፣ የኋላ እግሩም ደረጃ ሲወጣ ይከዳው ነበር። ስሙ ግን ቡቺ ነው። የእኛ አገር ሰው የማያውቀውን ውሻ እንኳ ሲጠራ «ቡቺ፣ ቡቺ» ይላል፤ ቃሉ የቡችላ ዘመድ መሆኑን ለመገመት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያሻም። ሽማግሌውን «ሕፃኑ» እያልን ስንጠራው ኖረናል ማለት ነው። ቡቺ ማታ ማታ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ያቺኑ የከዳችውን እግሩን እየጎተተ ይመጣና አፌን ሊልሰኝ ይንጠራራል። የተኩላ ቡችሎች እናትና አባታቸው ከአደን ሲመለሱ የአፋቸውን ዳር ይልሳሉ፤ ወላጆቹም የዋጡትን ሥጋ አውጥተው ይሰጧቸዋል። ቡቺ ከእኔ አፍ ምንም አግኝቶ አያውቅም። ልመናው ግን ወደ ሰላምታ ተለውጦ በውስጡ ቀርቷል። በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ሲሰጠኝም እናቱ ልሳ እንድታጸዳው የሚተኛውን ግልገል መምሰሉ ነው።

ውሻ ያላደገ ተኩላ ነው የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? እነማን አሰቡት? እውነትስ ነው? የዚህን ሐሳብ ታሪክ ስከታተል ያገኘሁት ከጠበቅሁት የሰፋ ሆነብኝ። በውስጡ ጥሩ ሳይንስ አለ፤ መጥፎ ሳይንስ አለ፤ በግፍ የተገደለ ወንድምም አለ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በመቃብር ውስጥ ያለ ቡችላ

በ1914 ጀርመን አገር፣ በቦን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኦበርካሰል፣ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ የጥንት መቃብር አገኙ። በውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ነበር፤ ከእነርሱም ጋር የእንስሳ አጥንት። መቃብሩ 14,000 ዓመት ያለፈው ነው። የእንስሳው አጥንት የውሻ መሆኑ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት። ውሻው ሲሞት ዕድሜው ሰባት ወር ገደማ ነበር። ጥርሱ ላይ የቀረው ምልክት ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ለሳምንታት ሲያሠቃየው እንደ ነበር ያሳያል። እንዲህ ያለው ቡችላ አንድ ሰው ካላሞቀው፣ ካላጸዳውና ውኃ ካላጠጣው አይተርፍም። እርሱ ግን ከበሽታው መነሻ በኋላ ሳምንታት ቆይቷል። ለአደን የማይሆን፣ ለጥበቃ የማይሆን፣ የታመመ ቡችላ ነበር። እነዚያ ሰዎች ለጥቅም ብለው አላስታመሙትም።

ሌላው መቃብር የተገኘው በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ ነው። በ1978 ይፋ የሆነው ይህ መቃብር 12,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በውስጡ ያለው አፅም በጎኑ የተኛ አረጋዊ ሰው ሲሆን እጁ በአንድ ቡችላ ላይ አርፏል። ቡችላው የውሻ ይሁን የተኩላ ከአጥንቱ መለየት አስቸጋሪ ነው። ለኔ ግን የነገሩ ቁልፍ እዚሁ ላይ ነው። ቡችላ ሳሉ ተኩላና ውሻ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ሲያድጉ ነው፤ አንዱ ከሰው ይሸሻል፣ ሌላው እጁ ሥር ይቀራል።

የዳርዊን ጆሮ

ከእነዚህ መቃብሮች መገኘት በፊት፣ ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ አንድ እንግዳ ነገር ጠቁሞ ነበር። በአንዱ አገር ወይም በሌላው ጆሮው የተንጠለጠለ ዝርያ የሌለው ለማዳ እንስሳ የለም ይላል። ፍየሉ፣ በጉ፣ አሳማው፣ ጥንቸሉ፣ ውሻው፣ ሁሉም። ከዱር አራዊት መካከል ግን ጆሮው የወደቀ ከዝሆን በቀር አይገኝም። በ1868 ስለ ለማዳ እንስሳትና ዕፀዋት ባወጣው ሰፊ ሥራውም ዝንጉርጉር ቆዳን፣ የተጠቀለለ ጅራትንና የመሳሰሉትን ለውጦች ዘረዘረ። ሰው እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈልጎ መርጧቸዋል ለማለት ይከብዳል። የወደቀ ጆሮ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? የተኩላ ቡችላም ሲወለድ ጆሮው የወደቀ ነው፤ የሚቆመው ሲያድግ ነው።

በዚያው ዘመን የሜክሲኮ የውኃ እንስሳ የሆነው አክሶሎትል የፓሪስን ሊቃውንት ግራ ያጋባ ነበር። አክሶሎትል የሳላማንደር ወገን ነው። ሳላማንደሮች እንደ እንቁራሪት በልጅነታቸው በውኃ ውስጥ በስንጥብ ይተነፍሳሉ፤ አድገው ወደ የብስ ይወጣሉ። አክሶሎትል ግን ስንጥቡን እንደ ያዘ፣ ከውኃው ሳይወጣ፣ ልጅ እንደሆነ ይወልዳል። በ1864 ፓሪስ ከገቡት አክሶሎትሎች ከተወለዱት መካከል አንዳንዶቹ በተከታዩ ዓመት ድንገት ስንጥባቸውን ጥለው ወደ አዋቂ ሳላማንደርነት ተለወጡ። አንድ ፍጥረት ለአቅመ መውለድ ደርሶም ልጅነቱን ሊይዝ እንደሚችል የዓለም ሊቃውንት በዓይናቸው አዩ። በ1885 ዩሊዩስ ኮልማን የተባለ ሊቅ ለዚህ ነገር ከግሪክኛ ስም ሠራለት፤ ኒዮቴኒ አለው። ወጣትነትን መዘርጋት፣ ማስረዘም ማለት ነው።

በ1926 ሉዊስ ቦልክ የተባለ የኔዘርላንድስ የአካል ሊቅ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ራሳችን አዞረው። ሰው፣ አለ ቦልክ፣ የዝንጀሮን ፅንስ መልክ እንደ ያዘ ያደገ ፍጥረት ነው። ትልቅ ራስ፣ ጠፍጣፋ ፊት፣ ፀጉር የለሽ ገላ ሁሉ በጦጣ ወገን ሽሎች ላይ ለጊዜው ታይቶ የሚጠፋ ሲሆን እኛ ግን ይዘነው እንቀራለን። የቦልክ ዝርዝር ዛሬ እንዳለ የሚቀበለው የለም። ሐሳቡ ግን ወጣ፤ አንዴ የወጣ ሐሳብ ደግሞ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ሐሳቡ በክፉ እጅ

ከገባባቸው እጆች አንዱ የኮንራድ ሎሬንዝ ነው። ይህ ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ በ1973 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ የዝይ ጫጩቶች እናታቸው መስሏቸው ሲከተሉት በተነሣው ፎቶግራፍ ዓለም የሚያውቀው ነው። በ1943 ባሳተመው ጥናት ሰው ትልቅ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይኖችና ወፍራም ጉንጭ ሲያይ ልቡ የሚባባው በተፈጥሮው መሆኑን አስረዳ። ሕፃን ስናይ፣ ቡችላም ስናይ የምንሸነፈው ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስለ ውሻ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፉ ደግሞ የውሻ ታማኝነት ሁለት ምንጭ አለው ይላል። አንዱ ተኩላ ለመንጋው መሪ ያለው ታዛዥነት ነው፤ ሁለተኛው ቡችላ ለእናቱ ያለው ፍቅር ሲሆን፣ በተኩላ ዘንድ ከዕድገት ጋር የሚከስመው ይህ ፍቅር በውሻ ዘንድ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ይህን ያህሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። በ1940 በጻፈው ጽሑፍ የለመዱ እንስሳት የዱር ዘመዶቻቸውን ወኔና ቁመና እንዳጡ ሁሉ በከተማና በሥልጣኔ የሚኖር ሰውም እየተበላሸ ነው፣ መንግሥትም የተበላሸውን ወገን እያጣራ ሊያስወግድ ይገባል የሚል ክርክር አቀረበ። «መልመድ» የሚለው ቃል በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የመርከስ ስም ሆነ። በዕድሜው መጨረሻ ላይ ሎሬንዝ ስለዚያ ጽሑፍ ተጸጽቻለሁ ብሏል። እኔ ግን የቡቺን መሽቆጥቆጥ አይቼ «ወኔ ቢስ ተኩላ» ብዬ ልቀልድ ስል ያ ነገር ትዝ እያለኝ አፌን እይዛለሁ።

ፍርሃት በነገሠበት አገር

አሁን ወደ ታሪኩ መካከል እንድረስ። ዲሚትሪ ቤልያዬቭ በ1917 ሩሲያ ውስጥ ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ኒኮላይ የዘር ውርስ ሳይንስ፣ ማለትም የጄኔቲክስ ተመራማሪ ነበር። በ1937፣ በስታሊን የሽብር ዘመን፣ ኒኮላይ ተይዞ በጥይት ተደበደበ። ዲሚትሪም የወንድሙን ሙያ ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሲመለስ ሞስኮ ውስጥ ለቆዳቸው የሚረቡ እንስሳትን በሚያጠና ተቋም ሥራ ያዘ።

ዘመኑ የትሮፊም ሊሴንኮ ዘመን ነበር። ይህ የስታሊን ወዳጅ ጄኔቲክስ የቡርዣ ውሸት ነው እያለ ብዙ ሳይንቲስቶችን ከሥራ አስባረረ፤ አንዳንዶቹንም ለእስር ዳረገ። ስመ ጥሩው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይህ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ የእህሎቻችንን ዘር የሰበሰበው ሰው ነው። በነሐሴ 1948 ጄኔቲክስ በይፋ ተወገዘ፤ ቤልያዬቭም የመምሪያ ኃላፊነቱን አጣ። አገራቸው ሐሳብ ወንጀል የሆነበትን ዘመን ያዩ አንባቢዎች የዚህን ሰው ኑሮ ለመገመት ብዙ አይቸገሩም።

ቤልያዬቭ የዳርዊን ጥያቄ ልቡ ውስጥ ነበር። ለማዳ እንስሳት ሁሉ ጆሮአቸው የሚወድቀው፣ ጅራታቸው የሚጠቀለለው፣ ቆዳቸው የሚዥጎረጎረው ለምንድን ነው? ግምቱ ቀላልና ደፋር ነበር። ሰው የመረጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይፈራውንና የማይናከሰውን እንስሳ። የቀረው ሁሉ ተከትሎ የመጣ ነው። ይህን ለመፈተን በሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ በተቋቋመው አዲስ የምርምር ከተማ ዕድል አገኘ፤ በ1959 የዚያው የጄኔቲክስ ተቋም ኃላፊ ሆነ። ሙከራውን ግን በስሙ ሊጠራው አልደፈረም። ለጠየቀ ሁሉ መልሱ «የቀበሮ እርባታ ለማሻሻል ነው» የሚል ነበር። ቀበሮ ቆዳ ነው፤ ቆዳ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ማንም አይከለክለውም።

ሥራውን የመራችው በዚያን ጊዜ ገና ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የወጣች ወጣት ነበረች፤ ሊዩድሚላ ትሩት ትባላለች። የተጀመረው በ30 ወንድና በ100 ሴት የብር ቀበሮዎች ነው። አሠራሩ ያለ ርኅራኄ ቀላል ነው። ግልገሉ አንድ ወር ሲሞላው ሰው እጁን ወደ ጎጆው ዘርግቶ ምግብ ይሰጠዋል፤ ሊዳስሰውም ይሞክራል። ይህ በየወሩ ይደገማል። በሰባትና በስምንት ወሩ ማርክ ይሰጠዋል። የሚሸሽና የሚናከስ ሦስተኛ፤ ሲነካ ዝም የሚል ሁለተኛ፤ ጅራቱን እየቆላ የሚቀርብ አንደኛ። ለዘር የሚተርፉት ከወንዶቹ ከ100 ቢበዛ አምስቱ፣ ከሴቶቹ ከ100 ሃያ ያህሉ ናቸው። ማሠልጠን የለም፤ ማላመድ የለም። ጆሮና ቀለም የሚያይም አልነበረም።

በስድስተኛው ትውልድ ሦስቱ ደረጃ አልበቃ አለ። ሰው ሲያዩ የሚያለቃቅሱ፣ የሚያሸቱና የሚልሱ ግልገሎች ተወለዱ፤ «ምርጦች» የሚል አዲስ ደረጃ ተፈጠረላቸው። በአሥረኛው ትውልድ ምርጦቹ 18 በመቶ፣ በሃያኛው 35 በመቶ ሆኑ። ግንባራቸው ላይ ነጭ ኮከብ ያላቸው፣ ጅራታቸው የተጠቀለለ፣ ጆሮአቸው ለብዙ ጊዜ ሳይቆም የሚቆይ ቀበሮዎች ታዩ። በደማቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞንም ከአሥራ ሁለት ትውልድ በኋላ ወደ ግማሽ ወረደ።

በ1974 ትሩት ፑሺንካ የተባለች ቀበሮ ይዛ በሙከራው ግቢ ውስጥ ባለች ቤት መኖር ጀመረች። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር አንድ ምሽት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፑሺንካ እግሯ ሥር ተኝታ ሳለች ከሩቅ የሰው ኮቴ ተሰማ። ቀበሮዋ ብድግ ብላ ወደ ጨለማው ሮጠች፤ እንደ ውሻም ጮኸች። የመጣው የግቢው ዘበኛ ነበር። ትሩት ደርሳ በሰላም ማነጋገር ስትጀምር ፑሺንካ ጩኸቷን አቆመች። ማንም አላስተማራትም። ይህን ታሪክ ባነበብኩበት ሌሊት የሰፈራችንን ውሾች ትራስ ሳልጭን አዳመጥኳቸው።

ቤልያዬቭ በ1985 ሞተ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ለቀበሮዎቹ መኖና ለሠራተኞቹ ደመወዝ ጠፋ፤ በ1996 700 የነበሩት ቀበሮዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100 ወረዱ። ትሩት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2024 ድረስ፣ ከሙከራው አልተለየችም።

«ግን»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። ሳይንስ ግን ደጋግሞ «ግን» የሚል ነው።

የመጀመሪያው «ግን» የመጣው ከራሷ ከትሩት ቁጥሮች ነው። በ1999 ባወጣችው ጽሑፍ መሠረት ጅራታቸው የተጠቀለለ ቀበሮዎች ካልተመረጡት ከ100,000 ውስጥ 830 ሲሆኑ ከተመረጡት 9,400 ናቸው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። አድገው ሳለ ጆሮአቸው የወደቀው ግን 170 ከነበረው 230 ደረሰ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። የዳርዊን ጆሮ እንደተባለው አልወደቀም።

ሁለተኛው በ2019 መጣ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የእነዚያን ቀበሮዎች የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲከታተሉ ካናዳ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ደረሱ። በዚያ ሥፍራ ቻርልስ ዳልተንና ሮበርት ኡልተን የተባሉ ሰዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቀበሮ ያረቡ ነበር፤ ዘሩም ወደ ሩሲያ ተሽጧል። ነጭ ነጥብ ያለባቸውና ከሰው ጋር የሚቀራረቡ ቀበሮዎች ከ1959 በፊት በእርባታ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ቤልያዬቭ የጀመረው ከዱር አልነበረም፤ ሌሎች ሳያውቁት ግማሽ መንገድ ከሄዱበት ነበር።

ሦስተኛው የራስ ቅል ነው። አብዛኛዎቹ መጻሕፍት የውሻ ራስ የተኩላ ቡችላን ራስ ይመስላል ይሉ ነበር። በ2011 አቢ ድሬክ የተባለች ተመራማሪ የብዙ ውሾችንና ተኩላዎችን የራስ ቅል ለክታ የአዋቂ ውሻ ራስ ቅል የተኩላ ቡችላን እንደማይመስል አሳየች። አፍንጫ ደፍጣጣውም አፍንጫ ረጅሙም ውሻ የየራሱ አዲስ ቅርጽ አለው። ቦርዞይ የተባለውን የሩሲያ አዳኝ ውሻ ያየ ሰው ይህን ያለ መለኪያ ይረዳዋል፤ አፍንጫው ከተኩላ ይረዝማል እንጂ ቡችላ አይመስልም።

ጠባይን በተመለከተ ግን ሐሳቡ ጨርሶ አልወደቀም። በ1997 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ተኩላ ሲቆጣና ሲገዛ ከሚያሳያቸው 15 ምልክቶች ውስጥ አሥር የውሻ ዝርያዎች ስንቶቹን እንደያዙ ቆጠሩ። ተኩላ የሚመስለው የሳይቤሪያ ሃስኪ 15ቱንም ይዟል። ትንሹ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። መልኩ ከተኩላ በራቀ መጠን የተኩላ አዋቂዎች ቋንቋም ጠፍቶበታል። እንግዲህ ውሻ ሁሉ እኩል ልጅ አይደለም፤ ከጭንቅላት እስከ ጅራትም ልጅ አይደለም።

የተራዘመው ምንድን ነው?

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? እኔ እንደገባኝ የቀረው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የተራዘመው ሰውነት አይደለም፤ ፍርሃት የማይገባበት ጊዜ ነው።

እንስሳ ሁሉ ተወልዶ ጥቂት ጊዜ የማይፈራበት ወራት አለው። በዚያ ጊዜ ያየውን፣ ያሸተተውንና የሰማውን ሁሉ «ወገኔ» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት ይሆናል። ያልተመረጠው ቀበሮ መፍራት የሚጀምረው በስድስት ሳምንቱ ነው። የትሩት ቀበሮዎች ግን ዘጠኝ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። በ2013 የታተመ የካትሪን ሎርድ ጥናት በተኩላና በውሻ መካከልም ተመሳሳይ ልዩነት አሳይቷል። ሁለቱም ማሽተት የሚጀምሩት በሁለት፣ መስማት በአራት፣ በደንብ ማየት በስድስት ሳምንታቸው ነው። የተኩላ ቡችላ ግን ገና በሁለት ሳምንቱ፣ ሳያይና ሳይሰማ፣ በአፍንጫው ብቻ ዓለምን መመርመር ይጀምራል፤ በሩም ቶሎ ይዘጋበታል። የውሻ ቡችላ የሚጀምረው በአራት ሳምንቱ ነው። ዓይኑና ጆሮው ሲከፈቱ የእርሱ በር ገና ክፍት ነው፤ ስለዚህ ከእናቱ ሌላ ሰውን፣ በግን፣ ድመትንም ወገኑ ሊያደርግ ይችላል።

በ1961 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የተደረገ ሙከራ ደግሞ የዚህን በር ክብደት ያሳያል። ቡችሎች ከሰው ተለይተው በሰፊ መስክ አደጉ፤ በተለያየ ሳምንት እየወጡ ከሰው ጋር ተገናኙ። እስከ 14 ሳምንታቸው ሰው ሳያዩ የቆዩት ከዚያ በኋላ እንደ አውሬ ሆነው ቀሩ። አባታቸው ውሻ፣ እናታቸው ውሻ ናት፤ ግን ውሻ አልሆኑም። ውሻነት በደም ብቻ አይወረስም ማለት ነው። ደሙ የሚሰጠው የተከፈተውን በር ነው፤ በበሩ የሚገባው ሌላ ነው።

የቤልያዬቭን ሕይወት ሳስብ የሚደንቀኝም ይህ ነው። ወንድሙ የተገደለበት፣ ባልደረቦቹ የሚታሰሩበት፣ የራሱን ሥራ እንኳ በስሙ መጥራት የፈራ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠናው ፍርሃት ከአንድ ፍጥረት ሲነሣለት ምን እንደሚሆን ነበር። ሎሬንዝ በ1940 መልመድን ውድቀት ብሎ ጻፈ። ቤልያዬቭ ካሳየው አንጻር ግን መልመድ ማለት ከማያውቁት ጋር ወዳጅ ለመሆን የተሰጠ ተጨማሪ ሳምንት ነው።

ስለ እኛዎቹ

አንባቢ «የእኛስ ተኩላ?» ሊል ይችላል። በባሌ፣ በሰሜንና በመንዝ ተራሮች የሚኖረው፣ በልማድ ቀይ ቀበሮ የምንለው እንስሳ፣ ሳይንስ ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ ከተኩላ ወገን ያስገባዋል። የውሻ አባት ግን እርሱ አይደለም፤ ውሻ የመጣው ከሰሜኑ ግራጫ ተኩላ ነው። አዋቂዎቹ ቀይ ቀበሮዎች ዛሬ ከ500 በታች ናቸው። በ1991 እና በ2003 በባሌ ብዙዎቹን የፈጀው ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያላደገው የአጎት ልጅ ሰውን ተከትሎ ተራራው ላይ ወጣ፤ ያደገው የዱር ዘመድ ደግሞ በዚያ ምክንያት አለቀ። ጥፋቱ የውሻው አይደለም። ልጅ አድርገን ያስቀረነውን ፍጥረት የማስከተብ ግዴታ የኛው ነው።

ሌላም ግዴታ አለ። በሰፈራችን ቡችላ የሚጣለው ወይም ጓሮ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ያ በር ክፍት የሆነው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ሦስት ወር በሰንሰለት ታስሮ፣ ከድንጋይ በቀር ከሰው እጅ ምንም ሳያይ ያደገ ውሻ ኋላ ሲናከስ «ክፉ ዘር ነው» እንላለን። ዘሩ ምንም አላደረገም።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ታማኝነቱን መናገራቸው ነበር። ቡቺ ባለፈው ክረምት እስኪሞት ድረስ ሲጮኽ ኖረ፤ በመጨረሻ ጥርስ ሳይኖረው ሁሉ ይጮኽ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ጎረቤታችን የሰባት ሳምንት ቡችላ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን። ልጆቹ እየተቀባበሉ አቀፉት፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ዳሰሰው፤ እኔም አልከለከልኩም። ስም እንዲያወጡለት ስነግራቸው ሲከራከሩ ዋሉ። ማታ ሲጠሩት ሰማሁ። «ቡቺ፣ ቡቺ» ይላሉ።